«ለባክቴሪያ ስም ማውጣት ለጎጃም ገበሬ ምን ይሠራለታል?» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው ከረመ። ጸሐፊው በግብርና ሙያ ጎጃም ውስጥ ረጅም ዘመን ያገለገሉ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ክርክሬ ከሐሳባቸው ጋር ነው። በቁጭት እንደጻፉት ያስታውቃል። መሬቱ እየደከመ፣ ገበሬው በማዳበሪያ ዋጋ እየተማረረ፣ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከአፈር ውስጥ አዲስ ባክቴሪያ ፈልገው የላቲን ስም ለማውጣት ይደክማሉ፤ ይህ ቅንጦት ነው ይላሉ።

እኔ የምሠራው እሳቸው ቅንጦት ባሉት ሥራ ውስጥ ነው። የአፈር ባክቴሪያ አሳድጋለሁ፣ እለያለሁ፣ ተማሪዎችንም አስተምራለሁ። ስለዚህ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ክርክራቸው ባጭሩ ይሄ ነው። ገበሬው የሚፈልገው የአፈሩን አሲድ የሚያበርድ ኖራ እንጂ የባክቴሪያ ስም አይደለም። ባክቴሪያ የትም አንድ ዓይነት ስለሆነ ከጎጃም አፈር አዲስ ነገር አይጠበቅም። ቢገኝ እንኳ አንድ የዲኤንኤ ምርመራ ባንድ ቀን ይለየዋል፤ ዓመታት መፍጀቱ ወረቀት ለማብዛት ነው። የተገኘውን ውጭ አገር ማስቀመጥ የአገር ሀብት አሳልፎ መስጠት ነው። በመጨረሻም ስሙ ራሱ በየጊዜው ስለሚቀያየር እምነት አይጣልበትም። በየተራ ልመልስ።

«ገበሬው የሚፈልገው ኖራ ነው»

ኖራ ያስፈልጋል። በዚህ አንድ ነን። ከአገሪቱ የሚታረስ መሬት 40 በመቶ ያህሉ በአሲድነት እንደተጠቃ በተደጋጋሚ ይነገራል። ጎጃም ደግሞ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ባንጃን፣ ፋግታ ለኮማን፣ ማቻከልን፣ ጎዛምንን፣ የጮቄን ግርጌ የሚያውቅ ሰው በዚህ አይከራከርም። ዝናቡ ብዙ ነው፤ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስደዋል። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ በዛ ማለት ነው) ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም ይሟሟና ስር ይመርዛል። ፎስፈረሱም ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ገበሬው ተበድሮ የገዛውን ማዳበሪያ አፈሩ ይይዝበታል ማለት ነው።

አሲዱ የሚጎዳው ግን ሰብሉን ብቻ አይደለም። የሰብሉን ረዳትም ይጎዳል። ባቄላ ነቅላችሁ ስሩን አይታችሁ ከሆነ ትንንሽ እባጮች አሉት። ባለሙያዎች ኖዱል ይሏቸዋል። ውስጣቸው ሪዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ ይኖራል። ባክቴሪያው ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ ለተክሉ በሚመች መልክ ያዘጋጅለታል፤ ተክሉም በልዋጩ ስኳር ይሰጠዋል። እባጩን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ቀላ ያለ ሮዝ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ገና አልጀመረም ወይም አብቅቷል።

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ሰብሉ ግን ናይትሮጅን አጥቶ ቢጫ ይሆናል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። ጥሙን የሚቆርጡት ደግሞ እነዚህ ባክቴሪያዎች ናቸው።

ስም የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። የባቄላ ባክቴሪያ ለሽምብራ አይሆንም። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ ሪዞቢየም ሌጉሚኖሳረምን ይጋራሉ። ሽምብራ ሜሶሪዞቢየም ይፈልጋል። ግብጦና አኩሪ አተር ወደ ብራዲሪዞቢየም ይሄዳሉ፤ እነሱም ቢሆኑ የሚስማማቸው ለየብቻ ነው። በአንድ ወቅት እነዚህ ሁሉ ሪዞቢየም በሚል አንድ ስም ይጠሩ ነበር። ዝግ ብለው የሚያድጉት ብራዲሪዞቢየም ተብለው የተለዩት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ሜሶሪዞቢየም ደግሞ በ1997 ተለየ። ልየታው የወረቀት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ሕያው ማዳበሪያ የሚባለውን፣ በከረጢት ታሽጎ ከዘር ጋር የሚታሸውን ባክቴሪያ ለማንኛውም ጥራጥሬ መስጠት ይቻል ነበር። አይቻልም። የሽምብራውን ከረጢት ከባቄላ ዘር ጋር የሚያሽ ገበሬ ገንዘቡን አፈር ላይ ጣለ ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ሕያው ማዳበሪያ ተጠቅመው ባቄላው ጥሩ ኖዱል ቢይዝ፣ ያ ኖዱል የማን ነው? ከከረጢቱ የመጣው ባክቴሪያ ነው ወይስ ድሮም ማሳው ውስጥ የነበረው? የአገሬው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ እንግዳውን ቀድሞ ስሩ ውስጥ ይገባል። ሰነፍ ሆኖ በብዛት ኖዱል የሚሠራም አለ፤ ስሩ በእባጭ ተሞልቶ ተክሉ ቢጫ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ኖዱሉን መክፈት፣ ባክቴሪያውን ማውጣትና ማንነቱን መለየት ግድ ነው። የግብርና ባለሙያው «ሠርቷል» ወይም «አልሠራም» ሲል የሚናገረው ስለየትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ካላወቀ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚደግመው ምን እንደሆነም አያውቅም።

ግብጦን ደግሞ አስቡት። ጎጃም ውስጥ ሌላው ጥራጥሬ ባልሆነበት፣ በደከመና በኮመጠጠ መሬት ላይ የሚቆመው ግብጦ ነው። ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ ደጋግሞ ማረስም አይፈልግም። ተቆልቶ በወራጅ ውኃ ለቀናት ይነከርና መራራነቱ ይወጣለታል፤ ከዚያ ይቆረጠማል። አረቄም ይወጣዋል። ገበሬው መሬቱን ለማሳረፍ ግብጦ ይዘራል። ይህ የአባቶች ዕውቀት ነው፤ ልክም ነው። አንድ ተመራማሪ ጫማውን አውልቆ እርጥብ ማሳ ውስጥ ገብቶ የግብጦ ስር ሲለቅም የሚጠይቀው ጥያቄ ደግሞ ይሄ ነው፦ ባቄላውን የሚረዳው ባክቴሪያ በሚሞትበት አሲድ ውስጥ ይኼኛው በሕይወት የሚቆየው በምን ችሎታው ነው? መጀመሪያ ማን እንደሆነ ሳይለይ ይህን መመለስ አይቻልም።

ስለዚህ ኖራና ስም አይፎካከሩም። ኖራው አሲዱን ያበርዳል። በተስተካከለው አፈር ላይ የትኛው ባክቴሪያ እንደሚሠራ፣ ኖራ ባልደረሰበት ማሳ ላይ ደግሞ የትኛው እንደሚችል የሚነግረን ልየታው ነው።

«ባክቴሪያ የትም አንድ ነው»

ይህ ሐሳብ ከጸሐፊው በፊትም ነበር። የሆላንዱ ሳይንቲስት ባስ ቤኪንግ እ.ኤ.አ. በ1934 ሁሉም ነገር በሁሉም ቦታ አለ፣ ነገር ግን አካባቢው ይመርጣል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ግማሽ ወስደው ሁለተኛውን ትተውታል። ዋናው ግን ሁለተኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ፊረርና ጃክሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ከሰሜንና ከደቡብ አሜሪካ የተሰበሰበ አፈር መርምረው፣ የባክቴሪያውን ብዝኀነት ከሙቀትም ሆነ ከምድር ወገብ ርቀት ይልቅ የሚወስነው የአፈሩ ፒኤች እንደሆነ አሳዩ። በፒኤች የሚለይ አፈር የሚፈልግ ሰው ጎጃም ይምጣ። ከጮቄ ራስ እስከ ዓባይ በረሃ ባለው አንድ ቁልቁለት ላይ ቀዩም ጥቁሩም፣ ኮምጣጣውም ለምለሙም አለ።

«አዲስ አይገኝም» ለሚለው መልሱ ከዚሁ ከአገራችን አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከሰብል ጋር ከሚተከሉ የኢትዮጵያ ዛፎች ኖዱል ሦስት አዳዲስ ዝርያዎች ተገልጸዋል፦ ሜሶሪዞቢየም ሾኔንሴ፣ ሜሶሪዞቢየም ሐዋሴንሴና ሜሶሪዞቢየም አቢሲኒኬ። በ2017 ደግሞ ከቦሎቄ ስር ሪዞቢየም ኢትዮፒከም፣ ከኮርች ዛፍ ስር ብራዲሪዞቢየም ሸዌንሴ ተከተሉ። ኮርች በየአጥሩ የምናየው ዛፍ ነው። አበባው ቀይ የሆነው፣ ሁሉም የሚያውቀው። ስሩ ላይ ዓለም ያልመዘገበው ዝርያ ይዞ ቆሟል።

በዓለም ላይ እስካሁን በዓለም አቀፉ የባክቴሪያ አሰያየም ደንብ መሠረት ስም ያገኙት የባክቴሪያ ዝርያዎች ከ20 ሺህ ብዙም አይዘሉም። አንድ ግራም አፈር ውስጥ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ ቤተ ሙከራ ውስጥ አናድግም ብለው ያስቸግራሉ። እንግዲህ ይህን ይዘን «ከእኛ አፈር ምን ይገኛል» ማለት የሚከብደን ይመስለኛል። ለናሙና ቦታ የሚቸገርም የለም። የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ማረሻ ያልነካው አፈር አለ፤ ከአጥሩ ውጭ ስንት ዘመን የታረሰው ማሳ አለ። ሁለቱን ማስተያየት ብቻ ትልቅ ሥራ ነው። አዊ ውስጥ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስም አለላችሁ። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ የጥራጥሬ ዘመድ ነው፣ እንደ ባቄላው በባክቴሪያ ረዳትነት ናይትሮጅን ከአየር ያገኛል። ገበሬው ዛፉን ቆርጦ ከሰሉን ከሸጠ በኋላ እዚያው ጤፍ ይዘራል። የዲከረንሱ ባክቴሪያ አብሮት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ወይስ የአዊ አፈር የሰጠው? ይህ ጥያቄ ለጤፉም ይመለከተዋል።

«አንድ የዲኤንኤ ምርመራ ባንድ ቀን ይለየዋል»

ለዚህ ረዘም ያለ መልስ ልስጥ፤ ከተማሩ ሰዎች አፍም ደጋግሜ የምሰማው ነው።

ጸሐፊው የሚሉት ምርመራ 16ኤስ የተባለውን ጂን ማንበብ ነው። ይህ ጂን በባክቴሪያ ሁሉ ውስጥ አለ። 1,500 ያህል የዲኤንኤ ፊደላት ይረዝማል። በጣም ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ ዝምድና ያሳያል። ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ እ.ኤ.አ. በ1977 አርኬያ የተባሉት ተሕዋስያን ከባክቴሪያ የተለዩ መሆናቸውን ያሳዩት በዚሁ ሞለኪውል ነው። ትልቅ መሣሪያ ነው። እኔም መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። ባክቴሪያው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይነግረኛል።

ወደ ዝርያ ሲደርስ ግን ይደክማል። አባ ሰንጋን የማያውቅ ከብት አርቢ ጎጃም ውስጥ የለም። አምጪው ባሲለስ አንትራሲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ስፖሩ (ክፉ ጊዜ የሚያሳልፍበት ጠንካራ ቅርጹ) አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል፤ የሞተ ከብት በወደቀበት ቦታ ሣር የጋጠ ሌላ ከብት ይይዘዋል። የዚህ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ ይባላል። እሱ ትል ይገድላል፤ በብዙ አገር በሰብል ላይ የሚረጭ የተባይ መከላከያ ሆኗል። ሦስተኛው ዘመድ ባሲለስ ሴሪየስ ውሎ ያደረ ምግብ ላይ አድጎ ሰው ያስመልሳል። ሦስቱም አፈር ውስጥ አሉ። የሦስቱም 16ኤስ ከ99 በመቶ በላይ አንድ ነው።

አሁን አንድ ተማሪ ከማሳ አፈር ባሲለስ አውጥቶ 16ኤሱን አስነበበ እንበል። «ትል የሚገድለውን አገኘሁ» ብሎ ቢነሳ ምን ልበለው? ውጤቱ ከብት ገዳዩንም ትል ገዳዩንም እኩል ይመስላል። የአባ ሰንጋ ገዳይነት በአብዛኛው ያለው ፕላዝሚድ በሚባሉ ሁለት ተጨማሪ የዲኤንኤ ቀለበቶች ላይ ነው፤ 16ኤስ ደግሞ እዚያ የለም። ተጨማሪ ምርመራ ሳይደረግ ይህን ባክቴሪያ አባዝቶ ማሳ ላይ መርጨት ቀርቶ በእጅ መንካትም ልክ አይደለም። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። «ባንድ ቀን ይለያል» የሚለው አባባል ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ነው።

መለኪያው ራሱ በጊዜ ተስተካክሏል። እ.ኤ.አ. በ1994 የቀረበው ምክር ሁለት ባክቴሪያዎች በ16ኤስ ከ97 በመቶ በታች ከተመሳሰሉ የተለያየ ዝርያ ናቸው የሚል ነበር። በ2006 ወደ 98.7 ከፍ አለ። ልብ በሉ፤ ቁጥሩ የሚያገለግለው ወደ አንድ ወገን ብቻ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ አዲስ ዝርያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን «የታወቀው ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። ያኔ ሙሉ ጂኖሙ፣ ማለትም ዲኤንኤው በሙሉ፣ ይነበባል። ቀድሞ ከተሰየሙት የቅርብ ዘመዶቹ መለያ ባክቴሪያ (የዝርያው ስም የታሰረበት ናሙና) ጂኖም ጋር ይነጻጸራል። የጋራ ክፍላቸው ተመሳሳይነት በአማካይ ከ95 እስከ 96 በመቶ ካልደረሰ ዝርያው ሌላ ነው።

ይህም ሁሉ የሚመጣው ባክቴሪያው ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ነው። የአንድ ቀን ሥራ የሚመስለው ሰው ይህን ክፍል ያላየ ነው። ባቄላው ሲያብብ ኖዱሉ ይለቀማል። በአልኮልና በበረኪና ላዩ ይጸዳል፣ ደጋግሞ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ከዚያ ይጨፈለቃል። ጭማቂው አጋር ላይ፣ ማለትም ባክቴሪያ በሚያድግበት የረጋ ምግብ ላይ፣ ይጫራል። ባቄላው ላይ ያለው በቀናት ውስጥ ይወጣል። የግብጦው ብራዲሪዞቢየም ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ ፈጣኑ ሁሉ ሳህኑን ሊወርሰው ይችላል። አንድ የሚመስለው ነጥብ ሁለት ባክቴሪያ ይሆናል። ላዩ ላይ አንደኛው ይታያል፣ ከበታቹ ሌላው ተደብቋል። ስለዚህ ይጫራል፣ ይጠበቃል፣ በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ እንደገና ይጫራል። የተቀላቀለ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ማሽን ላይ ቢነበብ ማሽኑ የሚሰጠው በዓለም ላይ የሌለ ፍጡር ነው። እንዲህ ያለ «አዲስ ዝርያ» አይቼ አውቃለሁ።

ከዚያ ደግሞ ባክቴሪያው በተግባር ይፈተናል። በስንት ዲግሪ ያድጋል? በየትኛው ፒኤች ይቆማል? ጨው ይችላል? ምን ይመገባል? የሕዋሱ ቅባት ምን ምን ይዟል? ለእኛ ዋናው ፒኤቹ ነው። በጠርሙስ ውስጥ 4.5 ላይ ያደገ ሁሉ ማሳ ላይ ኖዱል ይሠራል ማለት አይደለም። ስለዚህ ወደ ገበሬው እጅ ከመድረሱ በፊት በማሰሮ አፈር ላይ ከተክሉ ጋር መሞከር አለበት። ተክሉ እስኪያድግ ይጠበቃል። ዓመት የሚፈጀው ይሄ ነው። በመካከሉ መብራት ይጠፋል፣ የታዘዘ ኬሚካል ይዘገያል። ጸሐፊው በዚህ መዘግየት ቢበሳጩ አልፈርድባቸውም፤ እኔም እበሳጫለሁ።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው ልጨምርላቸው። ባክቴሪያን ሳያሳድጉ በዲኤንኤ ብቻ መሰየም የሚቻልበት መንገድ አለ። ማደግ እምቢ ያሉት «ካንዲዳቱስ» የሚል ጊዜያዊ ስም ይሰጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ሲክኮድ የተባለ ደንብ ጂኖምን ራሱን እንደ መለያ ይቀበላል። ለሥነ ምህዳር ጥናት ጥሩ ነው። ነገር ግን ጂኖም በከረጢት ታሽጎ ከዘር ጋር አይታሽም። ለገበሬው የሚሆነው ሕያው የሆነው፣ ፍሪዘር ውስጥ ያለው፣ ነገ አውጥተን ልናባዛው የምንችለው ነው።

«ውጭ ማስቀመጥ ሀብትን አሳልፎ መስጠት ነው»

ሥጋቱን አልንቀውም። ጤፍ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ አውሮፓ ውስጥ የፈጠራ መብት አውጥቶ ነበር። ጸሐፊውም ይህንኑ ጠቅሰዋል። የነገሩን መጨረሻ ግን አልጻፉትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ያንን መብት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ሆላንድ ውስጥ ሰረዘው። እኔ ከዚህ የምወስደው ነገር ግልጽ ነው። ቀድሞ የታወቀና የተጻፈ ነገር ላይ «እኔ ፈጠርኩት» ማለት ይከብዳል። አንድ ባክቴሪያ ከየትኛው ወረዳ፣ ከየትኛው ተክል ስር፣ በማን እንደወጣ ታትሞ ሲቀመጥ ምንጩ ከስሙ ጋር ተያይዞ ይኖራል። ሳይመዘገብ በኪስ የወጣ ባክቴሪያ ግን ምንጩን የሚናገርለት የለም። ሊያሳስበን የሚገባው ይኼኛው ነው።

ወደ አሰያየም ደንቡ ልምጣ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የአንድ አዲስ ዝርያ መለያ ባክቴሪያ ቢያንስ በሁለት አገሮች ባሉ፣ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ሁለት ማከማቻዎች መቀመጥ አለበት። ጀርመን ብራውንሽቫይግ ያለው ዲኤስኤምዜድ ከታወቁት አንዱ ነው። ለምን ሁለት? አንዱ ቢቃጠል፣ መብራት ቢጠፋበት፣ ጦርነት ቢደርስበት ሌላው እንዲተርፍ ነው። ሌላ ሰው «እስኪ ልየው» ሲልም ያንኑ ባክቴሪያ አግኝቶ እንዲፈትሽ ነው። ደንቡ ሁለቱም ፈረንጅ አገር ይሁኑ አይልም። አንዱ ኢትዮጵያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። መስፈርቱን የሚያሟላ፣ ፍሪዘሩ የማይቋረጥ፣ ለጠየቀ ሁሉ በሥርዓት የሚሰጥ ማከማቻ እንዲኖረን መወትወት ያለብን ለዚህ ነው። ጸሐፊው ብዕራቸውን ወደዚህ ቢያዞሩት አብሬያቸው እጮህ ነበር።

ሕግ የለም እንዳይባልም አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ። የዘረ መል ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ ይከለክላል፣ ማኅበረሰቡም ከጥቅሙ የመካፈል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ተማሪዎቼን የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፦ ፈቃዱ ሳይያዝ አንዲት ጠብታ አትወጣም። ወረቀቱ ያሰለቻል። ቢያሰለችም ይሞላል።

«ስሙ ይቀያየራል»

ይቀያየራል። አዲስ ማስረጃ ሲመጣ መስተካከል አለበት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ስትሬፕቶማይሲን ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ባክቴሪያው ቀድሞ አክቲኖማይሰስ ግሪሲየስ ይባል ነበር። በኋላ ስትሬፕቶማይሰስ ግሪሲየስ ተባለ። መድኃኒቱ በስም ለውጡ አልጠፋም፤ የዳነ በሽተኛም አልታመመም። የድሮው ስም ከአዲሱ ጋር ተያይዞ ስለሚጻፍ የሚፈልግ ሰው ሁለቱንም ያገኛል። በዚህ ላይ ብዙ አልልም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑበት

ሁለት ቦታ ላይ ልክ ናቸው። አንደኛ፣ ብዙ «አዲስ ዝርያ» የሚገለጸው በአንድ ባክቴሪያ ብቻ ነው። ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ስር፣ አንዴ የወጣች አንዲት። ደንቡ ይፈቅዳል፤ እኔ ግን አልወደውም። ዝርያ ማለት ልዩነት ያለበት ስብስብ ነው። ከተለያየ ወረዳና ከተለያየ ከፍታ ብዙ ናሙና ሳይዙ ጠባዩን ማወቅ አይቻልም። ተማሪው ለመመረቂያ ቸኩሎ ባንዷ ሲሮጥ የምናስቆመው እኛ አስተማሪዎች ነን፤ ማስቆምም አለብን።

ሁለተኛ፣ ውጤቱ ወደ ገበሬው አይመለስም ይላሉ። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አፈሩ ከማሳው የተወሰደበት ገበሬ ምን እንደተገኘ የሚሰማበት መንገድ የለም። ተመራማሪው ናሙናውን በላስቲክ ቋጥሮ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ አይታይም። ይህን መቀየር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ስልክ ቁጥር ናሙናው ላይ ቢጻፍና ውጤቱ በአንድ ገጽ አማርኛ ቢላክለት ይበቃል።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። እሳቸው ለዓመታት በየቀበሌው ዞረዋል። ኖራ ተበትኖ ባቄላ ያልተነሳበትን ማሳ ያውቃሉ። ከጎኑ ደግሞ ኖራ ሳይበተንበት ባቄላ የበቀለበትን ማሳም ያውቃሉ። እኛ ናሙና የምንወስደው ብዙ ጊዜ መኪና ከሚደርስበት ቦታ ነው። መስከረም ላይ ባቄላው ሲያብብ የእነዚያን ማሳዎች ዝርዝር ቢሰጡንና አብረውን ቢወጡ፣ ከሁለቱም ዓይነት ማሳ ኖዱል ለቅመን ማን ማን እንዳለበት እንለያለን። ውጤቱንም መጀመሪያ የምንሰጠው ለእሳቸው ነው።